ኢኮውን የሚያጠፋው ቁልፍ

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በምትሄደው ሚኒባስ እኔ ጋቢና ነኝ። ከኋላዬ አንዲት እናትና ኪቦርድ ያቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ዘመሮ ከተማ የልጄ ሰርግ ላይ የተጫወትከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እማማ» አላቸው ጮክ ብሎ። «‹ጆሮዬ ደከም ይላል፣ ዜማው ተደራረበብኝ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጨዋታውን አቋርጠህ ኮምፒውተርህን ስትነካካ ሰዉ ጮኸብህ። አሳፈርኩት ብዬ ደነገጥኩ።»

«የኪቦርዱ ድምፅ የሚወጣው ከላፕቶፑ ነው። እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋግመውን ኢኮ ፈልጌ እስካጠፋው ጊዜ ወሰደብኝ።»

«ከዚያ ወዲያማ ጥርት አለልኝ! ዘፈኑ ሳይሰማኝ ልጄን ልሸኛት ነበር እኮ። አቅፌያት ጨፈርኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«እኔም አመሰግናለሁ፣ እማማ። ኪቦርዱ ላይ ይቺን ቁልፍ ያዩዋታል? ከዚያ ቀን በኋላ እሷን ስጫን ላፕቶፑ ኢኮውን እንዲያጠፋልኝ አድርጌ አስተካከልኩት። አሁን ጨዋታው ሳይቋረጥ አንዴ ጫን ማድረግ ብቻ ነው።»

«በእኔ ምክንያት?»

«በእርስዎ ምክንያት። አሁን ሰርግ ስገባ መጀመሪያ የማየው የሙሽራዋን እናት ነው።»

«ተባረክ! ጣቶችህን ይባርክልህ።»

ሹፌሩ ቴፑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ወሬያቸውን እንዳይሸፍንባቸው ክንዱን ያዝ አደረግኩት።