የጋሽ እምሩ ቀለበትና የቻይናው ንጉሥ ሠራዊት

ኧረ እስቲ ጸጥ በሉ! የጋሽ እምሩ የሽኝት ጠላ የትም አይሄድም፤ እኔ ግን የምናገረው ሊጠፋብኝ ይችላል።

ጋሽ እምሩ ወደዚህ ባህል ጽሕፈት ቤት የመጡበትን ቀን ያየነው እኔና ጥበቃው ኃይለ ኢየሱስ ብቻ ነን። ኃይለ ኢየሱስ ባለጉዳይ መስለውት "ወረፋ ይያዙ" አላቸው። ያዙ። ከፊታቸው ያሉት ሰዎች "ባለሙያ ተመድቧል ይሉናል፣ ሰውየው ግን የለም! ደመወዙን የሚበላው ማነው?" እያሉ ያማርራሉ። ጋሼም "እውነታችሁን ነው፣ የት ሄዶ ነው ይሄ ሰው?" እያሉ አብረው ሲያማርሩ አረፈዱ። ተራቸው ደርሶ "ጉዳይዎ ምንድን ነው?" ስላቸው "መልካም ዜና አለኝ" አሉኝ፤ "ሰውየው እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ ይህቺን "መልካም ዜና አለኝ" ስንሰማ ልባችን ድንግጥ ይላል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለው "መልካም ዜና አለኝ፣ ከዚህ እስከ ቀየት ከተማ በእግር ቅርብ ነው።" ጣሪያው ሲያፈስ "መልካም ዜና አለኝ፣ የሚያፈሰው የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።" ግምገማ ላይ "ድክመትዎን ይናገሩ" ሲባሉ ደግሞ "ድክመቴ ግምገማ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ መልካም ዜናው፣ አላንኮራፋም።" ያንኮራፋሉ! ባለቤታቸው እትዬ እስከዳር ምስክር ናቸው። አይሳቁ እንጂ እትዬ!

ጾምና በዓል ማስላትማ ለእሳቸው ነው። እዚህ አገር ሠርግ የሚደግስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጋሽ እምሩን ነው። ጣሪያውን ቀና ብለው ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ "ዶሮዋን አትረዱ፣ ጾም ነው" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። አንዴ ብቻ! እሷን አንዴ ሳልናገር ብቀመጥ ደግሞ ጠላው አይወርድልኝም።

የቻይና ፊልም ሠሪዎች የመጡ ጊዜ ነው። የጥንት ንጉሣቸውን ታሪክ ሲሠሩ ብርድና ጉም ያለበት ሰፊ ሜዳ ፈልገው እኛ ዘንድ ወጡ። ሳጥን ሙሉ ሐር፣ ወርቅ የተቀባ የደረት ጥሩር፣ ላባ የተሰካበት የራስ ቁር! በጣውላና በቆርቆሮ ቤተ መንግሥት አቆሙ። የቀየትና የዘመሮ ገበሬ ጥሩር ለብሶ የቻይና ወታደር ሆነ። አያ ምንይሉ ጄኔራል ሆነው ተሾሙና እቤታቸው ሲገቡ ውሻቸው ጮኸባቸው።

ጋሽ እምሩ ታዲያ ከቻይናዎቹ ጋር ቀድመው ተዋውለዋል። ትልቁ ትዕይንት፣ ሠራዊቱ ሁሉ ለንጉሡ ሲሰግድ፣ ከተቀረጸ ጣውላውም ቆርቆሮውም ለትምህርት ቤታችን ይቀራል። ያኔ ልጆቻችን የሚማሩት ዳስ ውስጥ፣ ውርጭ እየመታቸው ነበር። ቀኑንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። "ከፋሲካ ማግስት ይሁን፤ ረቡዕም ዓርብም ፍስክ ነው፣ ሰው በግ እየበላ ይሠራል" አሉ። ምን ያለ ብልህ ሰው አልን።

ቀኑ ደረሰ። ከበሮ ተመታ፤ ንጉሡ በነጭ ፈረስ ብቅ አለ። ሠራዊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ጉልበት አልታጠፈም!

ዳይሬክተሩ ጮኸ። አስተርጓሚው ማሙሽ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ ለምን አይሰግዱም? ይላል።"

አያ ምንይሉ ቀደሙ። "ልጄ፣ በሁዳዴ ብትመጡ ግንባሬ እስኪላጥ እሰግድላችሁ ነበር። አሁን በዓለ ኀምሳ ነው። በኀምሳ ስግደት የለም!"

ጋሽ እምሩ ለበጉ ሲያስቡ ስግደቱን ረስተውት!

"ክርስቶስ ተነሥቷል፣ ስለዚህ አይሰገድም በለው" አሉ ጋሼ።

ማሙሽ ሄዶ ተመለሰ። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ጉልበታቸው ግን ምን ሆነ? ይላል። ዛሬ ካልሆነ ጓዛችንን ጭነን እንሄዳለን፣ ጣውላችንንም ይዘን ብሏል።"

የጋሼ ፊት አመድ ሲመስል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ጽዮን፣ ልጆቹን ዳስ ውስጥ አስቀረኋቸው" አሉኝ። መልካም ዜና የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ሜዳውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ድንገት ተነሥተው ሮጡ። የንጉሡ ፈረስ እግር ሥር ደርሰው "ኧረ ሰዎች ድረሱልኝ! የጋብቻ ቀለበቴ!" ብለው ጮኹ።

"የእስከዳር ቀለበት?" አሉ አያ ምንይሉ ደንግጠው። እትዬን አገር ያውቃቸዋላ! "ወይኔ፣ ዛሬ አለቀለት!" ብለው ጄኔራሉ ዱብ አሉ። ሠራዊቱም ተከተለ። ጥሩሩ ተንኳኳ፣ ላባው ሣር ነካ፤ ያ ሁሉ ወንድ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስጠግቶ ይፈልጋል። ጋሼ ከፈረሱ ኋላ ተደብቀዋል። ዳይሬክተሩ "ቅረጹ! ቅረጹ!" ይላል። በኋላ ማሙሽ እንደነገረን "እንዲህ ከልቡ የሚሰግድ ሠራዊት አገሬም አላገኝም" ብሏል።

ሲያበቃ አያ ምንይሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ "እምሩ፣ ሰገድን እንዴ?" አሉ።

"የለም አያ ምንይሉ፣ ፈለግን።"

"ቀለበቷስ?"

"መልካም ዜና አለኝ" ብለው ከኪሳቸው አወጧት። ቄስ አፈወርቅ ነገሩን ሲሰሙ "መፈለግ ስግደት አይደለም፤ ውሸቱን ግን ለነፍስ አባትህ ተናገር" አሉ።

ቤተ መንግሥቱ ይኸው ትምህርት ቤት ሆነ። የአንዱ ክፍል ጣሪያ እስካሁን ቀይ ነው፣ ዘንዶ ተሥሎበታል። ልጆቹ ደግሞ ዘንዶ ብቻውን አይሆንም ብለው ከግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በጠመኔ ሣሉበት።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። የእኔ ልጅ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ዘንዶ ሥር ነው፤ ዝናብ ሳይነካት፣ ብርድ ሳይመታት። ዘንድሮ መምህርት ልትሆን ኮሌጅ ገብታለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እርስዎን እመርቃለሁ። ፊት ለፊት ነግሬዎት ስለማላውቅ ዛሬ ልንገርዎ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እንወድዎታለን። ነገ ጠዋት ያን ወንበር ባዶ ሳየው ምን እንደምሆን እንጃ።

እንግዲህ ሁላችንም ተነሥተን ጎንበስ ብለን እጅ ልንነሳዎት ነበር ያሰብነው። ግን ጡረታዎን በማን ስሌት እንዳወጡት እንጃ፣ ይኸው ዛሬም በዓለ ኀምሳ ነው! ምን ይደረጋል?

ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ከእትዬ እስከዳር ጋር የልጅ ልጅ ለመዳር ያብቃዎት። በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! አነሣችሁ?

ውይ! ጉትቻዬ! ኧረ ጉትቻዬ ወደቀች፣ እዚያ የጋሽ እምሩ እግር ሥር! ጎንበስ በሉና ፈልጉልኝ። ሁላችሁም! ኃይለ ኢየሱስ፣ አንተም! ዝቅ፣ ዝቅ በሉ!

ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ። መልካም ዜና አለኝ፤ ጉትቻዬ ጆሮዬ ላይ ናት። ለጤናዎ!