ሃያ አራት ቀዳዳ

መሰላሉን ደገፍ አድርጊልኝ፣ እቴ። እንደሱ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው፤ ትናንት ነበር የለገመብኝ። አቧራው ዓይንሽ እንዳይገባ ሻሽሽን ወደ ፊት ሳብ አድርጊው። ሰማዩ እንዴት ጠርቷል… ዝንጅብል ለማስጣት ጥሩ ቀን ነው። ልጆቹ አሰጡት? የሻገተውን ለብቻ ይለዩት። እንግዶቹ ከሰዓት ነው የሚመጡት አሉ፤ እስከዚያ ሥራዬ ይደርሳል።

የታቹን አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ። ከላዩ ይህ ሦስተኛው ነው። ይህን መጋዘን በጭቃና በገለባ ስሠራው ሃያ አራት ቀዳዳ ነው የተውኩለት። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ጠዋት የታቹን እንከፍታለን፣ ቀዝቃዛው ይገባል፤ ሙቀቱ በላዩ ይወጣል። ፀሐይ ስትበረታ የታቹን በገለባ እንወትፋለን። በቃ። በምዕራብ በኩል ግን ምንም አልተውኩም፤ የከሰዓት ፀሐይ ክፉ ናት ብዬ ድፍን አደረግኩት። ያልተማረ ሰው ነገር… ምን ይደረጋል?

ቀዳዳው የተደፈነበት ሲሚንቶ ጠንክሯል። ሲሚንቶ አልሰሰተም፤ እሱንስ ልመስክርለት።

ማንን ነው አልሽ? ኧረ ማንንም አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስለሱ እያሰብኩ ነው። ወደዚያ አትዪ እንጂ። ጥላው ሥር የቆመውን አይደለም የምልሽ። እሱማ ስልክ ጆሮው ላይ ነው፤ ሥራ ላይ ነው። ብቻ ስልኩ ሲጠራ ከጠዋት ጀምሮ አልሰማሁም… አንቺ ሰምተሻል?

የኔ ሰው ማንበብ ይችላል። ማንበብ ቀላል ነገር መሰለሽ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግድግዳ ሳይ የሚታየኝ ግድግዳ ነው። እሱ ወረቀቱን ያያል። ከባሕር ማዶ የገዢው መሥሪያ ቤት ለሁሉም የሚልከውን ወረቀት ልኮ ነበር አሉ። «መጋዘኑ አይጥ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው ወይ?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታል። ወይም የሠራውን ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ሽማግሌው ሩቅ አልነበረም፣ እዚሁ በር ላይ ነበር የሚቀመጠው። የኔ ሰው ግን ጥንቁቅ ነው። ሃያ አራቱንም ደፍኖ «የለም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን እኮ ነው የጻፈው። በልጅነቱም አይዋሽም ነበር… ሲርበው ካልሆነ በቀር። እኔ ቤት ደግሞ አይራብም ነበር።

ሽማግሌው ሳይጠየቅ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በር ላይም አልተቀመጠም።

መሮውን አቀብይኝ። ቀጭኑን።

ከዚያ ምዕራቡን አፈረሰው። ከላይ እስከ ታች መስታወት። ሲያምር አየሽው አይደል? የተከፈተውን ደፈነ፣ የተደፈነውን ከፈተ። ሰው ሥራ ሲወድ እንዲህ ነው። ገዢዎቹ የሚፈልጉት አረንጓዴ ሕንፃ የሚባለውን ነው አሉ፤ እሱም የቀረውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። የተነገረውን ጠንቅቆ ነው የሚይዘው።

አሁን ፀሐይዋ ከሰዓት በመስታወቱ ትገባለች። እሱ ደግሞ ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ ዘርግቶ ያቺኑ ፀሐይ ይለቅማታል። በለቀመው ማራገቢያ ያዞራል። ማራገቢያው በመስታወቱ የገባውን ሙቀት ያባርራል። ወዴት? ቀዳዳ የለም። እዚያው ያዞረዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን ቁጭ ብል ይህን አላስበውም። ተምሮ ነው እንጂ እንዲሁ አይታሰብም።

ዝንጅብሉ ግን አልተማረም። ሻገተ።

ሰባተኛው ነው ይህ። መሰላሉን ትንሽ ወደዚህ…

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። አምና ገዢው ራሱ ሲመጣ፣ ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ረጅሙ፣ ሁላችሁንም እየዞረ የጨበጠው፣ እዚህ ግድግዳ ላይ መዳፉን ለጥፎ ቆመ። በዚያ ሐሩር ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ነፋሱ ሲነካው ሳቀ፤ ልጅ መሰለ። አስተርጓሚው ምን አለኝ? «እኛ የምንፈልገው መብራት ከማይበላ ቤት የወጣ ዕቃ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ሸሪኮቼን አምጥቼ ይህን ግድግዳ አሳያቸዋለሁ ይላል» አለኝ። የኔ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ይጽፍም ነበር። ምን ብሎ ጽፎት ይሆን? ሸሪኮቹ ዛሬ ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ምን ሊያዩ ነው? መስታወት አገራቸው ጠፍቶ ነው?

በለቀማው አርባ ሴት ናችሁ አይደል? ዛሬ ሰዎቹ ፊታቸውን አዙረው ከሄዱ ነገ ወዴት ነው የምትገቡት… አንቺ አታስቢ። የኔ ሰው አስቦበታል። ባያስብበትማ ዘበኛውን ቤቴ ድረስ ይልክብኝ ነበር? «አሮጌው መሮውን ይዞ ይምጣ» ብሎ። ራሱ አልመጣም፤ ሥራ ይበዛበታል። በሬም ጠፍቶበት ይሆናል። አሥራ ስድስት ዓመት ብቻ እኮ ነው የገባበት የወጣበት።

እኔ የመጣሁት ለእናንተ ነው። ለግድግዳውም።

እስቲ ጎንበስ በዪና እጅሽን ከታቹ ቀዳዳ አስጠጊ። መጣ አይደል? ነፋሱ አልተቀየመም።

መኪና ሰማሁ። ሁለት ናቸው። አምስት ቀዳዳ ቀርቶኛል፤ ግድ የለም፣ እነሱ ፊት እከፍታቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል። ማን ደፈናቸው ብለው ከጠየቁ? እኔ ምን አውቄ። እዚያ ጥላው ሥር የተማረ ሰው አለ፤ እሱ ያስረዳቸዋል።

አየሽ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደኛ ነው መሰለኝ የሚመጣው። ሰላም በዪው። እኔ እስኪደርስ ድረስ ለዚያ ለማውቀው ሰው ልመርቅለት።

ዕድሜ ይስጠው። እኔ የደረስኩበት ያድርሰው፣ ጉልበቱ እንደኔ እስኪለግም ድረስ። ሲያረጅ ብቻውን አያድርገው፤ የእህት ልጅ ይስጠው፣ በትከሻው ተሸክሞ የሚያሳድገው፣ ከአፉ ነጥቆ የሚያስተምረው። ቁርጥ እሱን የመሰለ። ያም ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ አንድ ቀን እዚህ በር ድረስ ይሸኘው። ትከሻውን ቸብ ቸብ ያድርግለት። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለኔ በመጨረሻ የተነገረኝን ያችኑ ቃል፣ አንዷም ሳትጎድል ይንገረው… «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ቤት አርጅቷል፤ ይሂዱና ይረፉ።»