የሙሽራ በላ ካብ

ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አዲሱ የልብስ ፋብሪካ ከተከፈተበት ከከተማው ዳር፣ ደላላው ልመንህ እማማ አልታዬን ደጃፋቸው ላይ አግኝቶ ይሟገታቸዋል።

ልመንህ፦ ድንጋይ እኮ ነው የጠየቅኩዎት እማማ! ጥርስዎን አላልኩ።

አልታዬ፦ ጥርሱማ አራት ነው የቀረኝ፤ እሱን ብትወስድ ይሻለኛል። ካቡን ግን አልሰጥም።

ልመንህ፦ ከብት የለዎት፣ ማሳ የለዎት። ባዶ ሸለቆ አጥሮ መቀመጥ ምን ይባላል? እኔ ለመሠረት ልጠቀምበት፤ ታች ከማከራያቸው ክፍሎች ላይ አሥር ልጨምር።

አልታዬ፦ አጥር ነው ያለህ ማነው?

ልመንህ፦ ይስሙኝማ። ፋብሪካው ሲመጣ ሴቶቹ መጡ። ሴቶቹ ሲመጡ ሽሮ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ባጃጁ መጣ። ባጃጁ ጎሚስታ ጠራ። ጎሚስታውስ ሜዳ ላይ ይደር? ሥራ ሰው ይጠራል፣ ሰውም ሥራ ይጠራል።

አልታዬ፦ ተጠራርተው መጡ፣ እሰየው። አገሬውን ሳይጠይቁ ውሃ መውረጃ ላይ መስፈራቸው ነው እንጂ።

ልመንህ፦ የምን ውሃ? ሁለት ክረምት ከረምኩ፤ እግር የሚያርስ ጠብታ አላየሁም።

አልታዬ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ልጄ። ለመሆኑ የሰፈሩን ስም ታውቀዋለህ?

ልመንህ፦ እንዴታ! «ሙሽራ ሰፈር» ብዬ በሰሌዳ ያስጻፍኩት እኔ አይደለሁ? ሴቶቹ ስሙን ሲሰሙ ይሳሳቃሉ። ክፍሎቹ በሳምንት ሞሉ።

አልታዬ፦ ወይ የኔ ልጅ፣ ግማሹን ነው የነገሩህ። ሙሽራ በላ ነው ስሙ።

ልመንህ፦ በላ?

አልታዬ፦ ከነበቅሎዋ፣ ከነአጃቢዎቿ። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ ዘንቦ። የባለቤቴ እህት ነበረች። አርባዋ ሳይወጣ ነው ካቡን የጀመረው፤ ጎርፉን ወደ ወንዙ እንዲመልሰው። ሦስት በጋ ፈጀበት፣ ነፍሱን ይማረው።

ልመንህ፦ እማማ... እምቢ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አልታዬ፦ እንግዲህ ሰማህ።

ልመንህ፦ ሠራተኞቼ ጠዋት ካቡን ማፍረስ ጀምረዋል። መሀሉን አንስተውታል።

አልታዬ፦ ምን? እስቲ ደጋውን ቀና ብለህ እየው! ደመናው ጠቁሮ ወርዷል እኮ። በስመአብ! ሴቶቹ ፋብሪካ ናቸው በለኝ፣ ልመንህ።

ልመንህ፦ የሌሊት ፈረቃ ናቸው፣ እማማ። አሁን በር ዘግተው ተኝተዋል።