የባቄላው ግምት

ይቺን ስሙልኝማ። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ክንዷን በነጠላ ያንጠለጠለች ሴትዮና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"እታለም፣ ክንድሽን ምን አገኘው?"

"የጎረቤቴ ዱላ።"

"ያረቢ! በምን ተጣላችሁ?"

"በሬው ባቄላዬን ሲበላ ይዤ አሰርኩት። ገማች እስኪመጣ ይታሰራል፣ የአገሩ ደንብ ነው። አይደል እንዴ አያ?"

"ነው እንጂ።"

"እሱ ሆዬ አጥሬን ጥሶ ገባና ክንዴን ሰብሮ በሬውን ፈቶ ሄደ።"

"አልከሰስሽውም?"

"ከሰስኩት። ችሎት ፊት ቆሞ 'ንብረቴን ሳስጥል ነው የመታኋት' አይልም!"

"አንቺስ?"

"እኔም ባቄላዬን ሳስጥል ነው ያሰርኩት አልኩ።"

"ወላሂ፣ ደግ ብለሻል። ዳኛውስ?"

"'በሽማግሌ ጨርሱ' ብሎ መለሰን።"

"ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ?"

"ማሳዬ ድረስ ወርደው የተበላውን ባቄላ አንድ በአንድ እያዩ ገመቱ። እሱም በእህል ካሰኝ፣ አልሀምዱሊላህ።"

"ክንድሽንስ?"

"'እኛ የሰብል ገማቾች ነን' አሉኝ።"

"ታዲያ ወደ ፍርድ ቤቱ አትመለሽም?"

"ከዚያ መምጣቴ እኮ ነው። 'በእርቅ አልቋል፣ የእርቁ ወረቀት ላይ አሻራሽ አለበት፣ መዝገቡ ተዘግቷል' አሉኝ።"

"በየትኛው እጅሽ ነው አሻራ የሰጠሽው?"

"በደህናው ነዋ።"

እናንተ መዝገብ ዘጊዎች፣ ለባቄላ ገማች ስታገኙ ለሰው ክንድ ምነው አጣችሁ?