የብሪታ ተራ ሲደርስ

«እኔ ከዚያ ወንበር አልነሳም» አሉ ጋሽ ኦርቮ፣ የበረዶ ጫማውን ስለት በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። «የማኅበሩ ሰብሳቢ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ለዘመድ አድልቼ አላውቅም። ዛሬ እንደ ሌባ ውጣልን ልባል ነው?»

«ሌባ ያለህ ማነው፣ አባዬ?» አለች ልጃቸው ሊኔያ። «እኔም እወጣለሁ እያልኩህ እኮ ነው። የብሪታ ስም ሲነሳ እናቷም አያቷም ደጅ እንሁን።»

እኔ የደረስኩት ክርክሩ ከተጋጋለ በኋላ ነው። የቦርዱ ጸሐፊ ስለሆንኩ ወረቀቶቼን ይዤ ወደ ስብሰባው ክፍል ሳልፍ፣ የበረዶ ጫማ የሚሳልበት ክፍል በሩ ክፍት ነበር። ጋሽ ኦርቮ አዩኝና «መምህር፣ ና ግባ፤ አንተ ፍረደን» አሉኝ።

የኪቪላ ከተማ የልጆች የበረዶ ሆኪ ማኅበር ቦርድ ሰባት ሰዎች ነን፤ ሁላችንም በነፃ ነው የምንሠራው። በረዶ ሜዳውን እናስጠርጋለን፣ አሠልጣኝ እንለምናለን፣ የተቆጡ ወላጆችን እናስታርቃለን። ከሁሉ የሚከብደው ግን በጥቅምት ልጆቹን በአንደኛና በሁለተኛ ቡድን መመደብ ነው። ከጎረቤት ከተማ የሚመጡ ሦስት መዛኞች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥባቸው እኩል የሆኑትን ልጆች ግን የምንለየው እኛ ነን። በዚያ እሁድ በሴቶቹ አንደኛ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ለእሱ እኩል ነጥብ ያገኙት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ የአሥራ አንድ ዓመቷ ብሪታ፣ የሊኔያ ልጅ፣ የጋሽ ኦርቮ የልጅ ልጅ ናት።

«ይህች ከተማ እርስ በርሷ የተጋባች ናት» አሉኝ ጋሽ ኦርቮ። «ዘመድ ያለው ሁሉ ይውጣ ከተባለ፣ ድምፅ የሚሰጠው ጠረጴዛው ነው።»

ሊኔያ ሳቀች። «ለሁሉም ልጅ ማን ውጣ አለህ? ለራስህ ብቻ፣ አምስት ደቂቃ። ቡናህ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለህ።»

«ሰብሳቢው ወጥቼ፣ ምክትሌ አንቺም ወጥተሽ፣ ማን ሊመራው ነው?»

«መምህር።»

«መምህር? እሱ እኮ ሆኪ የሚያየው በመስኮት ነው።»

«አልዋሽም፣ ብርዱን አልወደውም» አልኩ። «እጅ መቁጠር ግን አያቅተኝም።»

ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ተዉት። ሊኔያ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እስቲ ንገረኝ። ብሪታን ምን ልታደርጋት አስበሃል?»

«ሁለተኛ ቡድን ትግባ። የሰብሳቢው የልጅ ልጅ ሌላዋን በልጣ ገባች ቢባል ሰው ምን ይለናል?»

«በፈተናው ቀን ስትጫወት አየሃት?»

«አላየኋትም። ልቤ እንዳያዳላ ብዬ በሜዳው ምግብ ቤት ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።»

«እንግዲህ ሳታያት ልታወርዳት ነው» አለች ሊኔያ በቀስታ። «እኔንም እንደዚሁ ነበር ያደረግኸኝ። ልክ እንደ እሷ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አንተ ያኔ ገና ተራ አባል ነበርክ። ሁለተኛ ቡድን ትግባ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው አባትሽ ነው ብለው ነገሩኝ። ማታ ምን ጎደለኝ ብዬ ስጠይቅህ ‹ሰው እንዳይናገር ነው› አልከኝ። ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል።»

«ክረምቱን ሙሉ ምኑን ልለማመድ? ፍጥነቴ ነው? የዱላ አያያዜ ነው? ልሠራበት የምችለው ጉድለት አልነበረም። ጉድለቴ ያንተ ልጅ መሆኔ ነበር።»

ጋሽ ኦርቮ የመሳያ ማሽኑን ማብሪያ ማጥፊያ ተጭነው አጠፉት። በሕይወታቸው አድልዎን የሚያውቁት በአንድ መልኩ ብቻ ነበር፤ ለወገን መጥቀም። ሰው አድሏዊ እንዳይባል ብሎ ወገኑን ሲጎዳም ያው ፍርዱ መጣመሙን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ጨዋ ሰው ስለሆኑ ስህተታቸውም የጨዋ ስህተት ነበር፤ ለዚህ ነው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው።

እኔም የማውቀውን መደበቅ ተገቢ አልመሰለኝም። «ጋሽ ኦርቮ፣ ወጣት ወላጆች ሰነፉ፣ ቦርድ ግቡ ሲባሉ ይሸሻሉ ይላሉ አይደል? ከእነሱ አንዱን፣ ዳሪል ፔትሪችን፣ ለምን እንደማይገባ ጠይቄው ነበር።»

«ጊዜ የለኝም ነው ያለኝ እኔን።»

«ለእኔ ያለኝ ሌላ ነው። ‹ልጄ ጎበዝ ናት፤ ቦርድ ከገባሁ ጋሽ ኦርቮ አላደላንም ለማለት ያወርዱብኛል› ነው ያለው። እንደ እሱ የሚሉ ሌሎችም አሉ።»

«ፔትሪች እንዲህ አለ?»

«በጣም እያከበረዎት ነው ያለው።»

«ማክበሩን ተወው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በጣም አዝነሽ ነበር?»

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።»

ሊኔያ ከጃኬታቸው ላይ የብረት ብናኙን በእጇ አራገፈችላቸው። ቆይተው «ከወጣሁ በኋላ ግን ደጅ ምን እሠራለሁ?» አሉ።

«ምንም። ትቀመጣለህ።»

«ይሄማ ከሰብሳቢነቱ የባሰ ሥራ ነው» አሉ። «እሺ። ግን ለእኔ ብቻ ከሆነ አልወጣም፤ ደንብ ላይ ይጻፍና ሁሉም ይውጣበት።»

ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባው ሲከፈት፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ራሳቸው ጋሽ ኦርቮ ናቸው። የልጁ፣ የልጅ ልጁ፣ የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ ጉዳይ ሲነሳ አባሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ ከስብሰባው በፊትም ስለዚያ ልጅ ሌላውን አባል አያነጋግር፤ የውሳኔው ምክንያት ተጽፎ ለልጁ ይሰጥ፤ ሁላችንም ተስማማንና ይህን በቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ከዚያ አባትና ልጅ ተከታትለው ወጡ። የቀረነው አምስታችን በሩን ነው የምናየው። ከደጅ የአካፋ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ኦርቮ መቀመጥ አቅቷቸው የደረጃውን በረዶ እየዛቁ ነበር።

አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ቦታው ለሌላዋ ልጅ ሆነ። የብሪታ ወረቀት ላይ «ወደ ኋላ ስትንሸራተት ወደ ግራ መታጠፍ ይከብዳታል» ብዬ ጻፍኩ፤ አምስታችንም ያየነው እሱን ነው።

ሊኔያ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው፤ እንደከፋት ያስታውቃል። «ይሁን፤ ቢያንስ ምን እንደምላት አውቃለሁ» አለች። ጋሽ ኦርቮ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይሄማ ሊሠራበት የሚቻል ነገር ነው» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ የሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር በረዶው ላይ ነበሩ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና።

የደንቡን ጥቅም ለማየት ብዙ አልጠበቅንም። በዚያው የምደባ ሳምንት የአባላት ስልክ በዘመድ አዝማድ መጨናነቁ ቀረ። ቅር ያለው ወላጅ «የማን ልጅ ስለሆነች ነው?» ማለቱን ትቶ ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈው ነገር መከራከር ጀመረ፤ ለዚያ ደግሞ መልስ አለን። ልጆቹም ጉድለታቸውን አውቀው ይለማመዳሉ። በፀደይ ምርጫ ሲደርስ ሦስት አዲስ ወላጆች ቦርድ እንግባ ብለው መጡ፤ አንዱ ፔትሪች ነው። እኔም ጸሐፊነቱን ለእሱ አስረክቤ ተራ አባል ሆኜ ቀረሁ።

በተከታዩ ጥቅምት በዚያው ክፍል ተቀመጥን። ማሞቂያው ተበላሽቶ ሁላችንም ካፖርት ለብሰናል። የአንዲት ግብ ጠባቂ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት አከራከረንና አለቀ። ፔትሪች ቀጣዩን ወረቀት አነሳ፤ የብሪታ ነበር። ሊኔያ ወጣች። ጋሽ ኦርቮ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተከተሏት። ዘንድሮ በሩን የሚያይ የለም፤ ፔትሪች ነጥቦቹን ማንበብ ጀመረ፤ አንዱ አባል መስማት አቃተኝ፣ ጮክ በል አለው።