በር ላይ የተለጠፍነው አባላት

አንዱ ደወለና፣ «ወይዘሮ አልማዝ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበርዎ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን የሚስጥር ቁጥር ይንገሩኝ» አለኝ። ስሜን እስከ አያቴ፣ የአባልነት ቁጥሬን ሳይቀር ያውቃል። ልነግረው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ሲያጣድፈኝ ጠረጠርኩና ዘጋሁበት።

በቃ፣ ደሜ ፈልቶ ካዛንቺስ ያለው የማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። «መረጃዬን ለሌባ ማን ሰጠው?» አልኳት ጸሐፊዋን። «ከእኛ አይወጣም እትዬ» አለች። ስወጣ በሩን አየሁት። ለጠቅላላ ጉባኤ የተጠራነው አባላት በሙሉ ከነስልካችን፣ ከነአባልነት ቁጥራችን ተለጥፈናል፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲያነበን። ከሥሩ ደግሞ «ከአጭበርባሪዎች ይጠንቀቁ» ይላል።

ወረቀቱን ገንጥዬ አወረድኩት። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ፣ «እናቴ፣ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ አይነካም» አለኝ።

«ለወረቀቱስ ዘበኛ ቀጥራችሁለታል» አልኩት፤ «ለእኛስ?»