አትደግፉት ያለን ሰው

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ እናቱ እማማ፣ ባለቤቱ እህቴ፣ ጎረቤቶች፣ የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች፣ እዚያ ከአበባው ጀርባ የቆሙት ጋሼ ሥራ አስኪያጅም ጭምር፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ደህና ነን ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ ብቻ። ደህና የሆነ ሰው እዚህ የለም።

እኔ አንሶላ ተኳሽ ነኝ። ንግግር አላውቅም። ወሬ ግን አውቃለሁ፣ እሱን የሚክደኝ የለም። "አንቺ አፍሽ አያርፍም፣ አንቺው ተናገሪ" አሉኝ ባልደረቦቼ። እሺ አልኩ።

ይህ እዚህ የተኛው ሰው መሐንዲስ ነበር። ሥራው ምን ነበር? የማሽን መንቀጥቀጥ ማጥናት። የሚሽከረከር ነገር ለምን ይንቀጠቀጣል? ሲነሳና ሲቆም ለምን ይብስበታል? ምን ቢደረግለት ይበርዳል? በቃ፣ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ነው። እኛ ዘንድ የመጣ ቀን ካቻቢቴውን ማሽኑ ሆድ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኛ በሳቅ ሞትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሐኪሜ ሆነ።

"ሐኪሜ፣ እኔንም አዳምጠኝ እንጂ፣ ወገቤ ይጮኻል" አልኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ወገብሽ የሚጮኸው ማሽን ስለሚደግፍ ነው፣ እህት ዓለም" አለኝ።

ወገብ ማሽን የሚደግፈው ለምንድን ነው? ለማታውቁት ልንገራችሁ። ትልቅ ጨማቂ ማሽን አለን። እርጥብ አንሶላ ይጎርሳል፣ እየተሽከረከረ ውሃውን ይተፋል። የቆመው በሞላ ላይ ነው። ከሞላዎቹ ጎን እንደ መኪና በዘይት የሚሠሩ፣ መንቀጥቀጡን የሚያበርዱ አሞርዛተሮች አሉት። ዘይታቸው ፈስሶ ካለቀ ከርሟል። ስለዚህ ማሽኑ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ መሃል ላይ አንድ ክፉ ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርስ ያብዳል። ያንን ካለፈ ጸጥ ይላል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ሲያብድ ሦስት ሆነን ጀርባችንን ለጥፈን እንደግፈዋለን! ከእኛ በፊት የነበሩትም እንደዚሁ ነበሩ። አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መጀመሪያ የምትማረው ይህንኑ ነው። "ነይ ባልሽን እቀፊ" እንላታለን። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንስቃለን።

እሱ አልሳቀም። "አትደግፉት" አለ። በማግስቱም "አትደግፉት" አለ። "የሰው ወገብ ዘይት አይደለም፣ አትደግፉት" አለ። ማን ሰማው? "ሐኪሜ ቀንቶ ነው" አልነው።

አንድ ቀን ሐኪሜ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ የተተኮሰ መጋረጃ እሰቅላለሁ። የብረት ጓጉንቸር ቁልፍ በሚለጠጥ ላስቲክ አንጠልጥሎ መጣ። እጁን ቀስ እያለ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርገው ጓጉንቸሩ እጁን ተከተለ። በጣም ሲያፈጥነው እጁ ይርገበገባል፣ ጓጉንቸሩ ግን ባለበት ቀረ። በመሃሉ ባለው ፍጥነት ሲያደርገው ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጓጉንቸሩ አበደ! እጁ እኮ ይህን ታህል ነው የምትንቀሳቀሰው። ጓጉንቸሩ ዘሎ የጋሼን የሻይ ብርጭቆ ሰበረ።

"አዩ?" አለ። "አንዴ ተመትቶ የሚንቀጠቀጥ ነገር በራሱ ጊዜ ይሞታል። እየተገፋ የሚንቀጠቀጥ ግን ገፊው እስካለ አይተወውም። ግፊቱና የራሱ ተፈጥሮ ሲገጥሙ ትንሹ ኃይል ይከመራል። መንቀጥቀጡን የሚበላ ነገር ከሌለ ይሰብራል።"

ከዚያ ጓጉንቸሩን መስኮት ልወለውልበት ባመጣሁት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ያው እጅ፣ ያው ፍጥነት። ጓጉንቸሩ ትንሽ ወዝወዝ ብሎ ቀረ። "አሞርዛተር ማለት ይኸው ነው፤ ይቀየርልኝ" አለ።

ጋሼ ምን አሉ? ሻዩን ከሱሪያቸው እያራገፉ፣ "ሴቶቹ ይደግፉት የለም እንዴ? እነሱ እንደሆኑ ዘይት አይጠጡ!" አሉ። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁለት ኃላፊዎች ሳቁ። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ። ሰው መሆኔን አላዩም መሰለኝ። ሁለቱም ዛሬ መጥተዋል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ያምርባቸዋል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከምሳ በኋላ ነው። አንሶላው ወደ አንድ ጎን ተከምሮ ማሽኑ ተነሳ። ሦስቱ ልጆች ጀርባቸውን ለጠፉ። ክፉው ቦታ ላይ ሲደርስ ከሦስቱ አንዷ፣ ሰሞኑን የገባችው አዲሷ ልጅ፣ ደነገጠችና ከጎኗ ያለውን ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ ተጫነች። ማን የማይጫን አለ? ሲያስፈራ ማጥፋት ነው። እሱ ግን ስንቴ ነግሮናል! "ማጥፋት ማቆም አይደለም፤ እየዘገመ ሲወርድ ክፉው ቦታ ላይ ይቆይባችኋል" ብሎን ነበር። ቆየ። ማሽኑን ከወለሉ ጋር ያሰረው ብሎን ተበጠሰ። ሐኪሜ ከበሩ ወደ ማሽኑ ሮጠ። አንዷን በሽርጧ ጎትቶ ጣላት። ሁለተኛዋን በጸጉሯ። አዲሷን ልጅ ገፍትሮ እሱ እሷ በቆመችበት ቀረ። በማሽኑና በግድግዳው መሃል።

አንቺ ባለቤቱ፣ እህቴ፣ "ቶሎ ነው የሞተው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቶሎ አልነበረም። ማሽኑ ዘግሞ ዘግሞ እስኪቆም በሕይወት ነበር። ይቅር በይኝ። ሌላው የሚነግርሽ ውሸት ግን ከዚህም ይከፋል። "አትጠጉ ይል የነበረ ሰው ራሱ ተጠግቶ በራሱ ጥፋት ሞተ" ተብሎ እየተወራ ነው። ወሬው ከየት ወጣ? ጋሼ ያን ቀን መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "ማሽኑ ተጎዳ?" ነው ያሉት። አንሶላዎቹስ? እንደገና ታጠቡ። ደሙ ለቀቀ። እኔው ተኮስኳቸው፣ ለደንበኛ ተላኩ። ሰው ተኝቶባቸዋል።

ምን አሉ ጋሼ? ቦታው አይደለም? ታዲያ ቦታው የት ነው? ቢሮዎ? እዚያማ እሱ ብርጭቆ እስኪሰበር አስረድቶዎት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ዛሬ ከመሥሪያ ቤታችን ግማሻችን ብቻ ነን የመጣነው። የቀሩት የት ናቸው? ማሽኑ ጠዋት ተነስቷል። ብሎን ተቀይሮለታል። ብሎን ብቻ! አሞርዛተሩ ያው ባዶው ነው። የሟች ጥፋት ከሆነ ምን ይቀየራል? እኛ እዚህ ስናለቅስ፣ እዚያ ሦስት ሴቶች ጀርባቸውን ለጥፈዋል። አንዷ ያቺው አዲሷ ልጅ ናት። "ያጠፋሽው አንቺ ነሽ፣ ቆመሽ ካሺ" ተብላ።

ሐኪሜ፣ እንግዲህ ልሰናበትህ። ሰው ሲቀበር አፈሩ እስኪሞላ ይቆማሉ፣ ቤተሰቡን አጽናንተው ይሄዳሉ። እኛ አንቆይልህም። እማማ፣ አይቀየሙን። አፈሩን ዘመድና ጎረቤት ይጨርሱለት። አጣቢዎች፣ ተኳሾች፣ አጣጣፊዎች፣ ተነሱ፣ ተከተሉኝ። ጫማ እያራገፋችሁ ጊዜ አትፍጁብኝ። ሴቶቹን ከማሽኑ ላይ ልናነሳ ነው። ጋሼም ከፈለጉ ይምጡ፤ ጀርባ እንደሆነ እርስዎም አለዎት።

ደህና ሁን ወንድሜ። ብቻህን ትተንህ የምንሄደው፣ ከመሃላችን አንዷ እንኳ መጥታ ከጎንህ እንዳትተኛ ነው።